የሲዩ ሕዝብ ተረቶችና አፈ ታሪኮች፦ እናንተን የነካችሁ የትኛው ነው?

ሚኒሶታዊት

ሰላም ለሁላችሁ። ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነውን የሲዩን ሕዝብ፣ ማለትም የላኮታን፣ የዳኮታንና የናኮታን የቆዩ ተረቶች ያነበበ ወይም የሰማ ካለ እስቲ ብቅ ይበል። ሰሞኑን ሌላ ነገር ማንበብ አቅቶኛል። እጄ ላይ ያሉት ሁለት የቆዩ መጻሕፍት ናቸው (ዓመቶቹንና ወሮቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። አንዱ ዚትካላ ሻ የምትባል የያንክተን ዳኮታ ሴት በ1901 ያሳተመችው ነው። ሌላው የማሪ ማክላፍሊን ነው፤ በ1916 ወጣ። ሁለቱም ጸሐፊዎች የሕዝቡ ደም ያለባቸው ሴቶች ናቸው።

አብዛኞቻችን ስለ እነዚህ ሰዎች የምናውቀው ከካውቦይ ፊልም ነው። ላባ፣ ፈረስ፣ ጩኸት። ተረቶቹ ውስጥ ያገኘሁት ግን ረሃብ ነው። ተረቱ ሲጀምር ሰው ርቦታል። ተረቱ ሲያልቅ ወይ በልቷል ወይ አጥቷል። መሀል ላይ ያለው ሁሉ ያገኘውን እንዴት እንደያዘ ነው።

ከሁሉ የነካችኝ በጣም አጭር ናት፤ ግማሽ ገጽ አትሞላም። አንዲት የአሪካራ ሴት (ጎረቤት ሕዝብ ናቸው) ለበረዶው ወራት በቆሎ እየሰበሰበች ነው። ከአገዳ አገዳ እየሄደች ትሸለቅቃለች፣ ልብሷ ውስጥ ትከታለች። ጨርሳ ልትሄድ ስትል የሕፃን ልቅሶ ትሰማለች። «ጥለሽኝ አትሂጂ» ይላታል። ደነገጠች። የማን ልጅ ነው እርሻ ውስጥ የጠፋው? ሸክሟን አስቀምጣ ፈለገች፤ ምንም የለም። ልትሄድ ስትል እንደገና ጠራት። ብዙ ከፈለገች በኋላ እርሻው ጥግ፣ ቅጠል ስር ተሸፍና የቀረች አንዲት ትንሽ በቆሎ አገኘች። ስታለቅስ የነበረችው እሷ ናት። ከዚያ ወዲህ ሴቶቹ አንዲት በቆሎ እንኳ እንዳትቀር ተጠንቅቀው ይሰበስባሉ ይላል።

እኛም እኮ የወደቀ እንጀራ አንስተው ስመው የሚያስቀምጡ እናቶች ናቸው ያሳደጉን። እኔ ግን እህሉ ራሱ ተጣርቶ፣ «አትተይኝ» ብሎ ሲለምን ሰምቼ አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ከጆሮዬ አልወጣም።

እናንተስ?

የሌሊት ሹፌር

እህቴ፣ ጥሩ ርዕስ ከፈትሽ። እኔ በከባድ መኪና ሰሜንና ደቡብ ዳኮታን እመላለሳለሁ። የአገሩን ስፋት ያላየ ሰው እነዚህን ተረቶች በግማሽ ነው የሚረዳቸው። ሰማዩ አያልቅም። በበረዶ ጊዜ ንፋሱ መኪናውን ይገፋዋል። ያ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አንድ ድንጋይ ካለ ደግሞ ታሪክ አለው።

የኔ ምርጫ የስታንዲንግ ሮክ አፈ ታሪክ ነው፤ ማክላፍሊን መጽሐፍ ውስጥም አለ። አንድ ዳኮታ የአሪካራ ሴት አገባ። አንድ ልጅ ወለዱ። ከዚያ ሌላ ሚስት ጨመረ። ጣውንት መጣባት ማለት ነው። ኩርፊያ ያዛት። ሰፈሩ ድንኳኑን ነቅሎ የሚሄድበት ቀን ሲደርስ እሷ ልጇን አዝላ ከመሬት አልነሳም አለች። ሁሉም ሄደ። እኩለ ቀን ላይ ባልየው ሁለት ወንድሞቹን «ሂዱ አምጡልኝ፤ ራሷን እንዳትጎዳ» ብሎ ላካቸው። እነሱ ሲደርሱ እዚያው በተቀመጠችበት ናት። «ተነሺ» አሏት። አልመለሰችም። አንዱ እጁን ራሷ ላይ ሲያደርግ ድንጋይ ሆናለች።

ሰዎቹ ድንጋዩን ትተውት አልሄዱም። ከዚያ በኋላ በተንቀሳቀሱ ቁጥር ፈረስ እያስጎተቱ ይዘውት ዞሩ። ዛሬ ሰሜን ዳኮታ፣ ፎርት ዬትስ፣ ሚዙሪ ወንዝ ዳር በግንብ ላይ ተቀምጦ ይታያል። ሥራ ሳይበዛብኝ መንገዴን አጥፌ ሄጄ አይቼዋለሁ። ትልቅ ድንጋይ ይመስለኝ ነበር፤ ትንሽ ነው። ነጠላ እንደተከናነበች ሴት ትከሻው ጎበጥ ይላል።

እኔን የሚያንገበግበኝ ባልየው ራሱ አለመሄዱ ነው። ወንድሞቹን ነው የላከው። ቢሄድ፣ ቁጭ ብሎ ቢያናግራት ምናልባት ትነሳ ነበር። ተረቱ ይህን አይልም። እኔ ነኝ የምለው። ግን ድንጋዩ ፊት ስቆም ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

እናት ዓለም

ሹፌሩ ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥህ። ሴትዮዋ ልክ ናት። እሷ ያለችው በድንጋይ ነው፣ ሌላው በአፉ የሚለውን።

የኔ ችግር ሌላ ነው። ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ትምህርት ቤታቸው ስለ ነባር ሕዝቦች አንብቡላቸው ብሎ ነበርና ኢክቶሚ የሚባለውን ሸረሪት ጀመርኩላቸው። የመጀመሪያው ተረት የዳክዬዎቹ ነው። ኢክቶሚ ጀርባው ላይ ጥቅል ተሸክሞ ያልፋል። ዳክዬዎቹ «ምን ይዘሃል?» ይሉታል። «ዘፈን» ይላል። እንዲዘፍንላቸው ይለምኑታል። የሣር ጎጆ ይሠራላቸዋል። «ስዘፍን ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጨፍሩ፤ የገለጠ ዓይኑ ለዘላለም ይቀላል» ይላቸዋል። እነሱ ሲጨፍሩ እሱ እየዞረ አንገታቸውን ይቀነጥሳል። አንዱ ዓይኑን ገልጦ ጮኸ፤ የተረፉት በረሩ።

ትንሹ ልጄ ፊቱ ተለዋወጠ። መጽሐፉን ዘጋሁት። ሸረሪቱ ክፉ ነው፣ ግን የተረቱ ባለቤት እሱ ነው፤ ልጆቹ ደግሞ ባለቤቱን ይወዱታል። ይህን ለልጅ ማንበብ ትክክል ነው? በቅንነት ነው የምጠይቀው።

የኔታ

እናት ዓለም፣ ተረቱን መሀል ላይ ነው የዘጋሽው፤ ቀሪው ይረዳሻል። ኢክቶሚ ዳክዬዎቹን እሳት ላይ አድርጎ ሊበላ ሲል ሁለት የዛፍ ቅርንጫፎች በንፋስ እየተፋተጉ ሲንቋቋቱ ይሰማል። ላይ ወጥቶ ሊያላቅቃቸው ሲል ራሱ ተቀርቅሮ ይቀራል። ተኩላዎች ይመጣሉ። እሱ ከላይ ሆኖ እያየ ዳክዬዎቹን ይበሉበታል። የኢክቶሚ ተረቶች ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ያታልላል፣ ያገኛል፣ ከአፉ ይወድቅበታል።

እኔ በጡረታ ላይ ያለሁ የሥነ ጽሑፍ መምህር ነኝ። የእነዚህን ተረቶች አያያዝ ማወቅ ለልጆቹም ይጠቅማል። ላኮታዎችና ዳኮታዎች ትረካቸውን ይለያሉ። የኢክቶሚ ዓይነቱ በበረዶው ወራት፣ ማታ፣ ሥራ ሲቆም የሚነገር ነው። በሙቀቱ ወራት፣ በቀን የሚወራ አይደለም። ሌላው ደግሞ በእርግጥ ደርሷል ተብሎ የሚተረክ ነው፤ የጦርነቱ፣ የአባቶቹ። ሰሚው የትኛው እንደሆነ ገና ሳይጀመር ያውቃል። ስለዚህ ልጁ ኢክቶሚን ሲሰማ «ዛሬ ደግሞ ምን አበላሸ?» ብሎ ነው የሚቀመጠው። አንድ ተረት ብቻ የሰማ ልጅ ይደነግጣል። አሥር የሰማ ልጅ መጨረሻውን እየጠበቀ ይስቃል።

ከዳክዬዎቹ ቀጥሎ ያለውን፣ የብርድ ልብሱን ሞክሪላቸው። ኢክቶሚ ዳክዬዎቹን ካጣ በኋላ ርቦት ወደ አንድ ትልቅ ድንጋይ ይሄዳል። ድንጋዩን ቅድመ አያት ይሉታል። እሱም ከምንም ነገር በላይ ያረጀ ስለሆነ ይከበራል፤ ስጦታ ይቀመጥለታል። ኢክቶሚ አለቀሰ፣ ለመነ፣ የለበሰውን ብርድ ልብስ አውልቆ ለድንጋዩ አለበሰው። ወዲያው ትንሽ እንደሄደ ገና የቆሰለ አጋዘን አገኘ። ሲበልት ግን መሸ፤ ብርድ ያዘው። «ድንጋይ ብርድ ምን ያደርገዋል?» ብሎ ተመልሶ ብርድ ልብሱን ወሰደ። ሲመጣ አጋዘኑ የለም። ደረቅ አጥንት ብቻ።

ቀበና ማዶ

ሁላችሁንም በደስታ እያነበብኩ ነው። አንድ ነገር ግን ልለይ። የነጭ ጎሽ ጥጃዋን ሴት ታሪክ ከኢክቶሚ ጋር አንድ ዝርዝር ውስጥ አታስገቡት። ገና አላነሳችሁትም፣ ግን እንደምታነሱት አውቃለሁ፤ ሁሉም ያነሳዋልና።

ለማያውቅ ልንገር። ዘመኑ የረሃብ ነው። ሁለት ወጣቶች አውሬ ፍለጋ ወጡ። ከሩቅ አንዲት እጅግ ያማረች ሴት ስትመጣ አዩ። አንዱ ክፉ ሐሳብ አሰበባት። ሌላው «ተው፣ ይህች ቅድስት ናት» አለው። አልሰማም፤ ቀረባት። ደመና ሸፈናቸው። ደመናው ሲገለጥ የቀረው የሰውዬው አጥንት ነው። ሁለተኛውን «ሂድና ሕዝብህ ይዘጋጅ በል፤ እመጣለሁ» አለችው። መጣች። ቅዱሱን ፒፓ ሰጠቻቸው፤ እንዴት እንደሚጸልዩበት አስተማረቻቸው። ስትሄድ መሬት ላይ ተንከባለለች፤ ጎሽ ሆነች፤ ቀለሟ እየተለዋወጠ መጨረሻ ላይ ነጭ ጥጃ ሆና ሄደች።

ይህ ለላኮታ ተረት አይደለም። ያ ፒፓ ዛሬም አለ። ደቡብ ዳኮታ፣ ሻይን ሪቨር በሚባለው የነባሮቹ ክልል፣ ግሪን ግራስ በምትባል ትንሽ መንደር ይጠበቃል። ጠባቂው አርቮል ሉኪንግ ሆርስ ይባላል። በ1966፣ ገና የ12 ዓመት ልጅ ሳለ ነው አደራውን የተረከበው። 19ኛው ትውልድ ነው። እኛ ታቦት መንበሩ ላይ ተሸፍኖ እንደሚኖር፣ ማንም እየገለጠ እንደማያየው ነው የምናውቀው፤ እነሱም ፒፓውን እንደዚያ ነው የያዙት። ስለዚህ «ይቺ ተረት ደስ ትላለች» ሲባል ያመኛል። የኛን ታሪክ ሰው እንደዚያ ቢያነሳ እኛንም ያመን ነበር።

ሚኒሶታዊት

ቀበና ማዶ፣ ልክ ነህ፤ ለዚህም ነው ርዕሱ ላይ «ተረቶችና አፈ ታሪኮች» ያልኩት። ግን ልከራከርህ። ዝም እንበል ማለት አይመስለኝም። ራሳቸው ላኮታዎቹ ይህን ታሪክ በአደባባይ ይናገሩታል። ሰው እንዲሰማውም ይፈልጋሉ። ልዩነቱ አቀራረቡ ላይ ነው። አክብሮ መስማት ይቻላል።

እኔን እዚህ ታሪክ ውስጥ የገረመኝ ቅጣቱ ፈጣን መሆኑ ነው። ሰውዬው ገና ነካት እንኳ አይልም። ማሰቡ በቃው። ሴት ልጅን በክፉ ዓይን ማየት ሕዝቡን በሙሉ ሊያስርብ ይችል ነበር። ይህን ትልቅ ነገር ታሪኩ ሲጀመር አስቀመጡት።

የሌሊት ሹፌር

ነጭ ጥጃ ካነሳችሁ አይቀር፣ በ2024 ሰኔ ላይ የሎውስቶን ፓርክ፣ ላማር ሸለቆ ውስጥ አንዲት ነጭ የጎሽ ጥጃ ተወልዳ ነበር። ነገሩ ያኔ በሬዲዮ ሁሉ ይወራ ነበር። ላኮታዎች ሥርዓት አድርገው ስም ሰጧት፤ ዋካን ግሊ አሏት። ሉኪንግ ሆርስም እዚያ ነበር። በረከትም ማስጠንቀቂያም ነው አለ፤ ምድርን ጠብቁ የሚል። ጥጃዋ ከተወለደች ወዲህ ዳግም አልታየችም።

ሌላ ልጨምር። ደቡብ ዳኮታ፣ ብላክ ሂልስ በሚባሉት ተራሮች ውስጥ ዊንድ ኬቭ የሚባል ዋሻ አለ። ከ1903 ጀምሮ ብሔራዊ ፓርክ ነው። የተፈጥሮ መግቢያው ትንሽ ቀዳዳ ናት፤ ሰው አጎንብሶ እንኳ በደንብ አያልፍባትም። ከውጭና ከውስጥ ባለው የአየር ግፊት ልዩነት ንፋስ አንዴ ይወጣል፣ አንዴ ይገባል። የፓርኩ ጠባቂ ሪባን የቀዳዳው አፍ ላይ ስትይዝ ሪባኑ ወደ ውጭ ተወዘወዘ። ላኮታዎች ከዚህ ወጣን ይላሉ። ከመሬት በታች እንኖር ነበር፣ እዚህ ጋ ነው ብርሃን ያየነው ማለት ነው። ፊቴን ቀዳዳው ላይ አድርጌ ንፋሱ ሲነካኝ ጠጉሬ ቆመ። ምድር ስትተነፍስ የሰማ ሰው ከዚህ ሌላ ምን ይላል?

የኔታ

ሹፌሩ፣ ኢክቶሚ እዚያም አለ እኮ። አንዳንድ ተራኪዎች እንደሚሉት ከመሬት በታች የነበሩትን ሰዎች በሥጋና በጥሩ ልብስ አማልሎ ወደ ላይ ያወጣቸው እሱ ነው። ወጡ፤ በረዶው መጣ፤ ተራቡ፤ መመለሻው ጠፋ። ሰው ምድር ላይ የመጣው ተታልሎ ነው የሚል ታሪክ ነው። ግን ቂም የለበትም። ከወጡ በኋላ ምድሪቱን ወደዷት፤ ብላክ ሂልስን የሁሉ ነገር ልብ አደረጉት።

ጠያቂው

ይቅርታ፣ የደስታውን ወሬ ላቋርጥ። ማሪ ማክላፍሊን ማን እንደነበረች ታውቃላችሁ? ባሏ ጄምስ ማክላፍሊን ስታንዲንግ ሮክ በሚባለው የነባሮቹ ክልል የመንግሥት ወኪል ነበር። የላኮታው መሪ ሲቲንግ ቡል እንዲታሰር ያዘዘው እሱ ነው። በታኅሣሥ 1890 ሊይዙት የሄዱት ፖሊሶች ገደሉት። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ ወታደሩ ዉንድድ ኒ በሚባል ቦታ ላይ ላኮታዎቹን ሴትና ሕፃን ሳይለይ ፈጀ። የዚህ ሰው ሚስት የሰበሰበችውን ተረት በምን እምነት ነው የምናነበው? ማን ነው የነገራት? ምን ተቀንሶ ነው የቀረበልን? ዚትካላ ሻም ብትሆን የጻፈችው ለነጮች ልጆች በሚመች እንግሊዝኛ ነው።

የኔታ

ጥያቄህ ተገቢ ነው፤ ሊነሳም ይገባል። ማሪ ራሷ ከዳኮታ ወገን የምትወለድ፣ ቋንቋውን ከልጅነቷ የምታውቅ ሴት ናት። ሽማግሌዎቹ ሲያወሯት በአስተርጓሚ አልነበረም። ያ የባሏን ሥራ አያነጻም። እኔ መጽሐፉን ሳነብ የሰብሳቢዋን ስም አልረሳም፤ ግን ተረቶቹ የሷ ንብረት አይደሉም። የተራኪዎቹ ናቸው።

ዚትካላ ሻን ግን ከሷ ጋር አታጣምራት። በ8 ዓመቷ ከእናቷ ተነጥላ ኢንዲያና ወዳለ አዳሪ ትምህርት ቤት ሄደች። እዚያ ጠጉሯን ያለ ፈቃዷ ቆረጡት። በሷ ሕዝብ ዘንድ ጠጉር የሚቆረጠው ሐዘንተኛ ወይም በጠላት የተማረከ ፈሪ ነው። እነዚያ ትምህርት ቤቶች የተሠሩት ልጁ ቋንቋውንና ተረቱን እንዲረሳ ነው። እሷ በዚያው ባስተማሯት እንግሊዝኛ መልሳ ኢክቶሚን ጻፈች። ገና ወጣት ሳለች። ይህን እያሰብኩ የዳክዬዎቹን ተረት ሳነብ እጄ ይንቀጠቀጣል። «ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ጨፍሩ» የሚለው ዘፈን ለሷ የልጅ ጨዋታ ብቻ አልነበረም ብዬ አምናለሁ።

ቃል በቃል የተያዘውን ማየት ከፈለግህ ኤላ ዴሎሪያ አለችልህ። ያንክተን ዳኮታ ናት፤ ያደገችው ስታንዲንግ ሮክ ነው። 64 ትረካዎች በራሳቸው ቋንቋ፣ ከእንግሊዝኛው ትርጉም ጋር በ1932 አሳተመች። እዚያ ውስጥ ኢክቶሚ በጣም ባለጌ ነው። ለልጆች የሚሆን እንዳይመስላችሁ።

ጠያቂው

አመሰግናለሁ የኔታ። ዴሎሪያን አነባለሁ። የማሪን ግን አሁንም በጥርጣሬ ነው የማየው፤ እዚያ ላይ አልተስማማንም።

ሚኒሶታዊት

ጠያቂው ስላነሳው አንድ ነገር ልበል፤ ለኛ ለሚኒሶታ ሰዎች። ብዙዎቻችን ወደዚህ አገር ስንገባ መጀመሪያ የረገጥነው የሚኒያፖሊስን አየር ማረፊያ ነው። ከአጠገቡ ሚኒሶታ ወንዝ ከሚሲሲፒ ጋር ይገናኛል። ዳኮታዎች ያንን ቦታ ብዶቴ ይሉታል። ከዳኮታዎቹ ብዙዎቹ ሕዝባችን የተጀመረው እዚህ ነው ይላሉ። የዓለም መጀመሪያ ቦታ ማለት ነው።

ዳኮታዎችና አሜሪካ ከተዋጉበት ከ1862ቱ ጦርነት በኋላ፣ በዚያው ቦታ፣ ከፎርት ስኔሊንግ ምሽግ ስር ወደ 1,600 የሚጠጉ ዳኮታዎች በበረዶ ታጉረው ከረሙ። አብዛኞቹ ሴቶች፣ ሕፃናትና አዛውንት ናቸው። ከነሱም ብዙ ሰው እዚያው በበሽታ ሞተ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 26 ቀን ማንካቶ ከተማ ላይ 38 ወንዶች በአንድ ቀን ተሰቀሉ። የተወለዱበት ነው ብለው የሚያምኑት ቦታ እስር ቤት ሆነባቸው። ከዚያም ከግዛቱ ተባረሩ።

ሹፌሩ ያለውን ድንጋይ ሳስብ ይህ ይመጣብኛል። እነዚህ ሰዎች ያንን ድንጋይ በፈረስ እያስጎተቱ የዞሩት ያለ ምክንያት አይደለም። ብላክ ሂልስም እንዲሁ ነው። በ1868 በውል ተሰጣቸው፤ ወርቅ ተገኘ፤ በ1877 ተወሰደ። በ1980 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ካሳ ይገባችኋል ብሎ ፈረደላቸው። አልተቀበሉም። ገንዘቡ ወለድ እየወለደ ከቢሊዮን አልፏል፤ እነሱ ግን መሬታችን አይሸጥም አሉ። በድህነት ከሚታወቁት የአሜሪካ አካባቢዎች አንዳንዶቹ የነሱ ክልሎች ናቸው፤ እየቸገራቸው ነው እምቢ ያሉት። የዋሻውን ታሪክ ያልሰማ ሰው ይህን እብደት ይለዋል። ለሰማው ግልጽ ነው። የወጡበትን ማኅፀን ማን ይሸጣል?

ቀበና ማዶ

ይህንን ነው ስል የነበረው። ብድግ ብዬ አነበብኩት።

እናት ዓለም

የኔታ፣ እንዳሉኝ አደረግሁ። ዳክዬዎቹን እስከ መጨረሻ አነበብኩላቸው፤ ተኩላዎቹ ሲመጡ ትንሹ አጨበጨበ። ከዚያ የብርድ ልብሱን ቀጠልኩ። እዚያ ላይ ተጣሉ። ትልቋ «አጋዘኑን የወሰደው ድንጋዩ ነው፤ ተቀይሞ» አለች። ትንሹ «ተኩላ ነው የበላው» አለ። መጽሐፉን ሁለቴ ፈለግሁ፤ አይልም። እርስዎ ያውቃሉ? ለልጆቹ ምን ልበላቸው?

የኔታ

ተረቱ አይናገርም። ስለዚህ ይጨቃጨቁ፤ አታስታርቂያቸው። በላኮታ እምነት ድንጋይ ሕይወት አለው፤ ትልቋ ብዙም አልራቀችም።

ግን መጨረሻው ላይ ኢክቶሚ ምን ብሎ እንደሚያለቅስ አሳያቸው። ስጦታዬን መልሼ መውሰድ አልነበረብኝም አይልም። ብርድ ልብሱን ልወስድ ከመሄዴ በፊት ሥጋውን በልቼ ቢሆን ኖሮ ነው የሚለው። የሚቆጨው በቅደም ተከተሉ ነው። ለዚህ ነው በሚቀጥለው ተረት ያው ሰውዬ፣ ያው ረሃብ፣ ሌላ ተንኮል ይዞ የሚመጣው። ልጆቹን «ምን ቢያደርግ ኖሮ አጋዘኑ ይቆይለት ነበር?» ብለሽ ጠይቂያቸውና የሚሉትን እዚህ ጻፊልን።